ሽቦው ላይ የታሰረው ሸሚዝ

ባለፈው ሳምንት ይርዳውን ትተነው የሄድነው ሸሚዙን ሲቀድ ነበር። አብዷል እንዳትሉ። ሰማያዊ ሸሚዙ ክርኑ ላይ ካለቀ ሰንብቷል፤ ቀለሙ ግን ገና ደማቅ ስለነበር በሁለት ጣት ስፋት እየተረተረ፣ በአቶ ዳኛው የአትክልት ቦታ ዙሪያ በዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ያስረው ነበር። ድኩላ ቀጭን ሽቦ ቶሎ አይታየውም። ሳያየው በሩጫ ከመጣ በጥሶት ያልፋል፤ የሚወዛወዝ ጨርቅ ካየ ግን ቆም ብሎ አንገቱን ያሰግጋል፣ ሊያሸት ይጠጋል፣ ያኔ ሽቦው አፍንጫውን ይቆነጥጠዋል። አይገድለውም፤ ያስደነግጠዋል እንጂ። አንዴ የተቆነጠጠ ድኩላ በዚያ በኩል ዳግመኛ አያልፍም። ተቆንጥጦ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ብቻ ነው፤ ለዚህ ይርዳው ራሱ ምስክር ነው።

ታሪኩን ዛሬ ለምትጀምሩት ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ፣ ወሩ መጋቢት፣ ቦታው ሱዳን ድንበር አጠገብ ያለው ገንዳ ውሃ ነው። በመጋቢት የዚያ አገር ሣር ሁሉ ደርቆ ያልቃል። ለምለም ነገር ያለው ወንዝ ዳር ብቻ ነው፤ ወንዝ ዳር ደግሞ አቶ ዳኛው በሞተር ውሃ እየሳቡ የተከሉት ማንጎ፣ ፓፓያና ባሚያ አለ። እሾህ አጠሩ፣ ድኩላው ዘለለው። ጠባቂ ቀጠሩ፣ ጠባቂው ተኛ። በመጨረሻ የብየዳ ቤት ያለው ይርዳው፣ ሙሐመድጣሂር የሚባል የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ያመጣለትን አንድ ትንሽ ማሽን ከመኪና ባትሪና ከሶላር ጋር አገናኝቶ ሽቦውን ዘረጋ። ከዚያ ወዲህ የአቶ ዳኛውን ማንጎ ድኩላ አልቀመሰውም።

ማሽኑ አንድ ዓመል ነበረው። አንዱ ሽቦ አጥሩ ላይ ሲሄድ ሌላው መሬት ውስጥ ከተቀበረ የፌሮ ብረት ጋር ይታሰራል፤ የፌሮው ሥር ርጥብ ካልሆነ አጥሩ አይቆነጥጥም። የቆላ ዋልካ አፈር በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ፌሮው ሥር አንድ ጀሪካን ውሃ መፍሰስ አለበት። ይህን ሥራ የአቶ ዳኛው ልጅ ውባንች «ለኔ ተዉት» አለች። በጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ውላ፣ ነጭ ጋወኗን አውልቃ፣ ጀሪካን ተሸክማ ወንዝ መውረድ ጀመረች። አባቷ ልጃቸው አትክልት እንዲህ እንደምትወድ እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር።

«ዛሬ ጠጣ?» ይላታል ይርዳው ፌሮውን እያየ።

«ጠጣ። ካንተ ይሻላል፣ ቶሎ ይጠግባል» ትለዋለች።

በየቀኑ ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ የሚባባሉት ብዙም አልነበረም፤ የቀረውን ዓይናቸው ይጨርሰዋል። አቶ ዳኛው ሞኝ አይደሉምና አንድ ቀን ይርዳውን ወደ ጎን ወሰዱት። «ጾሙ ይውጣ። ፋሲካ ሲያልፍ ሽማግሌ ላክ፤ ቤቴ በር አለው» አሉት። ይርዳው ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ በለጠበት፤ ገና ያልነገራቸው ነገር ነበር።

አባቱ አቶ ይድነቃቸው ሳንጃ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ገበሬው በሳቸው ማረሻ ያርሳል፣ በሳቸው ማጭድ ያጭዳል፤ እህሉ ሲገባ ግን ከሳቸው ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም። ቡዳ ናቸው፣ ሰው በዓይናቸው ይበላሉ፣ ሲመሽ ጅብ ሆነው ይወጣሉ ይባላል። ይርዳው የሚያውቀው አባቱ ሲመሽ ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ነው። ወደ ድንበሩ የወረደው እዚያ የማን ልጅ ነህ የሚል የለም ሲሉ ሰምቶ ነበር። እውነትም አልጠየቁትም። ብረት በእሳት ከቀጠቀጡት ቡዳ፣ በመብራት ከበየዱት ባለሙያ መሆኑን ገንዳ ውሃ ላይ ተማረ።

ለውባንች ግን ነግሯት ነበር። «የስንቱን ሰው ደም በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ። የቀጥቃጭ ደም የሚባል ገጥሞኝ አያውቅም» አለችው። ያን ቀን ይርዳው ከዚህች ልጅ ሌላ እንደማይፈልግ አወቀ።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የውባንች እናት ወይዘሮ አለምነሽ አጥሩን ለእንግዳ ሊያሳዩ መጡ። እንግዳዋ የአክስታቸው ልጅ አገኘሽ ናቸው፤ ያን ዕለት ጠዋት ነው ከሳንጃ የገቡት። ይርዳው የአጥሩን ካስማ እያጠበቀ ነበር፤ ውባንች ጀሪካኗን ይዛ ፌሮው አጠገብ ቆማለች።

«ይኸ ነው እንግዲህ የሚቆነጥጠው?» አሉ ወይዘሮ አለምነሽ።

«እትዬ አለምነሽ፣ እንዳይነኩት…»

ነክተውት ነበር። ዘለው ወደ ኋላ በመቀመጫቸው ቁጭ አሉ። ይርዳው ሮጦ አነሣቸው፤ ሳቅ የጀመሩት ራሳቸው ናቸው። «ምነው ልጄ፣ ድኩላ መሰልሁህ?» ሲሉ ውባንችም ይርዳውም ሳቁ። አገኘሽ ብቻ አልሳቁም። የይርዳውን ፊት ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«አንተ ልጅ፣ የሳንጃው የይድነቃቸው ልጅ አይደለህም? የቀጥቃጩ?»

አይደለሁም ማለት ይችል ነበር። መልክ የሚመሳሰል ስንት ሰው አለ። ነገር ግን ውባንች እያየችው ነበር፤ እሷ እያየችው አባቱን መካድ አልሆነለትም።

«ነኝ፣ እትዬ» አለ።

ሳቁ እዚያው ቀረ። ወይዘሮ አለምነሽ ሽቦውን የነካው መዳፋቸውን ቀስ ብለው በቀሚሳቸው ጠረጉት። ደጋግመው ጠረጉት። ይርዳው ዕድሜ ልኩን ብዙ ስድብ ሰምቷል፤ እንደዚያ አጠራረግ ያመመው ግን አልነበረም።

*

በማግሥቱ ወይዘሮ አለምነሽን ትኩሳት ጣላቸው። ሰኞ ማቃዠት ጀመሩ። ወንዝ ዳር ሲውል ሲያመሽ ወባ የያዘው ሰው ለገንዳ ውሃ ብርቅ አይደለም፤ በየቤቱ አንድ አይጠፋም። አገኘሽ ግን ከአልጋው ሥር ተቀምጠው ፈርደው ጨርሰዋል። «በላት። በእጇ በኩል ገባ። ያለ ጥርስ የሚነክስ ሽቦ ማን ሊሠራ ይችላል?» አሉ፤ የመጣ ጠያቂ ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ።

ማክሰኞ ውባንች ወደ ብየዳ ቤቱ መጣች። ዓይኗ እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል።

«ደሟን ራሴ ወሰድሁት። ወባ ነው» አለችው።

«እግዜር ይመስገን። ታዲያ መድኃኒቱ አለ አይደል?»

«መድኃኒቱማ አለ።» ጣቶቿን ስታፍተለትል ቆየች። «ጨርቅህን ይፈልጋሉ፣ ይርዳው።»

ማስረዳት አላስፈለጋትም። ሰው ተበላ ሲባል የበላው ሰው የለበሰው ጨርቅ ተቆርጦ ፍም ላይ ይደረጋል፤ በሽተኛው በጢሱ ይታጠናል፤ ያን ጊዜ ቡዳው ይለቃል ይባላል። ይርዳው አባቱ ጋቢያቸው ጫፉ ተቆርጦ ከገበያ ሲመለሱ በልጅነቱ አይቷል። ማን እንደቆረጠው አልጠየቁም፤ ጫፉን ሰፍተው ለበሱት።

«ከሰጠሁ አመነ ይሉኛል» አለ።

«ካልሰጠህና እማዬ አንድ ነገር ከሆነችስ? ስትቃዥ ስምህን እየጠራች ነው።»

«ቀኑን ሙሉ ራስጌያቸው ላይ ስሜን ስታነሡ እየዋላችሁ የማንን ይጥሩ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዛችሁት።»

«እኔ ብለምንህስ?» አለች ውባንች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስማኝ፣ እማዬ…»

«አንቺም?»

ይኸንን ሲል የራሱ ድምፅ አስደነገጠው። ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ቃል ስለፈራ የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ደፍቶ ብረቱን ማያያዝ ጀመረ። የብየዳ ብርሃን በባዶ ዓይን አይታይም። ውባንች ፊቷን አዙራ ጥቂት ቆመች፤ ምናልባት እስኪጨርስ። እሱ ግን መበየድ የማያስፈልገውን ብረት ሁሉ ሲበይድ ቆየ። ጭምብሉን ሲያነሣ ሄዳለች። የቆመችበትን ቦታ እያየ፣ ያ ጭምብል ፊቱ ላይ በቅሎ በቀረ ብሎ ተመኘ።

*

ረቡዕ በጠዋት ወደ አትክልቱ ቦታ ሄደ። ከሩቅ አንድ ነገር እንደጎደለ ታየው። ቀርቦ ሲያይ ሽቦው ላይ ያሰራቸው ሰማያዊ ጨርቆች አንድም አልቀሩም፤ ሁሉም ተፈትተዋል። በቦታቸው አረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል፤ ትንንሽ ነጭ አበባ ያለበት። ጨርቁን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ባለፈው ጥምቀት ለብሳው ወጥታ፣ «ያምርብሻል» ለማለት ግማሽ ቀን ሲንተፋተፍ የዋለበት ቀሚስ ነው።

እሷ ናት የወሰደችው። ከቤተሰቡ ሁሉ መርጣ፣ የእናቷን ደም በዓይኗ ያየችው እሷ። ይርዳው መሬት ላይ ቁጭ አለ። የአገኘሽን ወሬ መቻል ይችላል፤ ሲወለድ ጀምሮ የለመደው ነው። ይኸኛውን ግን በየት በኩል እንደሚሸከመው አላወቀም። አጠገቡ ማሽኑ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ቀና ሲል ፌሮው አናት ላይ በአረንጓዴ ጨርቅ የታሰረ የተጣጠፈ ወረቀት አየ።

የላብራቶሪ ወረቀት ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የእናቷ ስም፣ ከሥሩም «ወባ ተገኝቷል» የሚል በእሷ እጅ ተጽፎ ተፈርሞበታል። ገለበጠው።

«ይርዳው፣ ያንን ጭምብል ባታጠልቅ ኖሮ በአፌ እነግርህ ነበር። እማዬ ኪኒኑን እየተፋችው ነው። ልጁ ይልቀቀኝ እንጂ ኪኒን ምን ያደርግልኛል ትላለች። ለምኛት፣ አልቅሼባት አልሆነም። በጨርቅህ ከታጠነች በኋላ ልትውጥልኝ በኔ በልጇ አስምያታለሁ። አባዬ ሰው ሊልክብህ ነበር። ሰጠ እንዳይሉህ፣ ከለከለም እንዳይሉህ ብዬ እኔ ሰረቅሁህ። ማሽኑን አጥፍቼ ነው የፈታሁት። ሽቦው ባዶውን እንዳይሆን የኔን አስሬለታለሁ፤ ድኩላ አረንጓዴ ይታየው አይታየው እንጃ። ይኸን ወረቀት አስቀምጠው። አንድ ቀን የሚያምንህ ሰው ቢገኝ አሳየው። ውባንች።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። ሊቆጣት ፈለገ፣ አልሆነለትም። የገዛ ልብሷን ስትተረትር ለድኩላ የተጨነቀች ሴት ላይ እንዴት ይቆጣል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብሎ ራሱን አጽናና። እናቷ ኪኒኑን ይውጡ፣ ይዳኑ፤ ሲድኑ ኪኒኑ እንዳዳናቸው ሁሉም ያያል፣ ፋሲካም ይደርሳል። ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ሲከት ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰ። ምስኪን ይርዳው፣ የበሽተኛዋ ሞት ብቻ ሳይሆን መዳኗም እንደሚያስፈርድበት ማን ይንገረው።

*

በሚቀጥለው እሑድ፣ ፀሐይ ዘወር ስትል፣ አቶ ዳኛው፣ ወይዘሮ አለምነሽና አገኘሽ ወደ አትክልቱ ቦታ መጡ። ውባንች ከኋላ ናት። ወይዘሮ አለምነሽ ጋቢ ተከናንበው፣ ከስተው፣ ግን በእግራቸው እየተራመዱ ነበር። አቶ ዳኛው አንድ ማሰሮ ማር ይዘዋል። ይርዳው ማሩን ሲያይ ልቡ ዘለለች። ለጠላት ማር የሚያመጣ ሰው የለም።

ወይዘሮ አለምነሽ ከማንጎው ሥር አረፍ አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉ። «ለቀቅኸኝ።»

ይርዳው ቀና ብሎ ውባንችን አያት።

«ክፉ ብትሆን አትለቃትም ነበር» አሉ አቶ ዳኛው ማሰሮውን እግሩ ሥር እያስቀመጡ። «ስንቱ ይዞ አልለቅም ብሎ ገድሏል። አንተ ደግ ልጅ ነህ፤ ይኸን ውለታህን አንረሳውም።»

ቢሰድቡት መልስ ነበረው። ቢመቱትም ይመክት ነበር። ለምስጋና የሚሆን ጋሻ ግን ማንም ሠርቶ አልሰጠውም።

«ጋሼ ዳኛው፣ እኔ አልያዝኋቸውም» አለ። «ያልያዝሁትን እንዴት እለቃለሁ?»

«ይሁን፣ ይሁን። ማመኑ እንደሚከብድ እናውቃለን።»

ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። አቶ ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው፣ ራቅ ቀረብ አድርገው አነበቡት። በቤተሰቡ ፊት ማንበብ የሚችል ሰው እውነቱን ሲያነብ እያየ፣ ይርዳው ለአፍታ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለው።

«አዎ፣ ወባማ ነበረባት» አሉ አቶ ዳኛው ወረቀቱን መልሰው እያጠፉ። «ወባውን ማን ላከባት ነው ነገሩ።»

«አባዬ» አለች ውባንች። ከኋላ ወደ ፊት መጣች። ፊቷ ደም የለውም። «ያዳናት ኪኒኑ ነው። ጠዋትና ማታ በእጄ እያጎረስኋት ነው የዳነች። ቡዳ የሚባል ነገር የለም። እሱ ምንም አላደረጋትም።»

ጮክ ብላ፣ በግልጽ፣ በሁሉም ፊት ተናገረችው። ይርዳው ይኸንን ቃል ሲጠብቅ ነበር የቆየው፤ ከተነገረ ሁሉም ይስተካከላል ብሎ ያምን ነበር።

ወይዘሮ አለምነሽ ልጃቸውን በፍቅር አዩአት። «የኔ ልጅ፣ የተማርሽው እንዲያ ነው፣ ምን ታድርጊ። ኪኒኑንማ ሁለት ቀን ሙሉ ስተፋው አልነበር? ሆዴ ውስጥ የቆየልኝ ከታጠንሁ ወዲህ ነው። ራስሽ አይደለሽ ጨርቁን ያመጣሽልኝ?»

ውባንች እናቷን ለማዳን የሠራችው ነገር በሙሉ ተገጣጥሞ በይርዳው ላይ ማስረጃ ሆኖ ሲቆም በዓይኗ አየችው። አገኘሽ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ደስ ብሏቸው አይደለም፣ ያሉት መድረሱ ራሳቸውንም አሳዝኗቸው ነው።

«ሽቦውን ንቀልልን፣ ልጄ» አሉ አቶ ዳኛው ቀስ ብለው። «ማንጎውን ድኩላ ይብላው። የሽማግሌውም ነገር… ይቅር። ሌላ በር እግዜር ይክፈትልህ።»

ሦስቱ ትልልቆች ተነሥተው በዝግታ መንገድ ጀመሩ። ማሩ እዚያው ቀረ። ውባንች፣ «ጀሪካኔን ልውሰድ» ብላ ወደ ኋላ ቀረች፤ ማንም አልከለከላትም።

*

ይርዳው የባትሪውን ገመድ ፈታ። ማሽኑ ቀጭ ማለቱን አቆመ። ለወራት የለመዱት ድምፅ ሲጠፋ ሁለቱም ቀና አሉ።

«እንሂድ» አላት። «ሙሐመድጣሂር ማዶ ሥራ አያሳጣኝም። ገዳሪፍ ስሜን የሚያውቅ የለም።»

«እሄድ ነበር» አለች። «ዛሬውኑ፣ በዚህ ጫማዬ እሄድ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«መስከረም ይመጣል፣ ይርዳው። ወባ እዚህ አገር በየዓመቱ ነው። ካንተ ጋር ብሆን እማዬ ትኩሳት በነካት ቁጥር አንተ የያዝሃት ይመስላታል። ኪኒን አልውጥም ትላለች። ያን ጊዜ በምን አስምላታለሁ? ማን ያጎርሳታል?» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እኔና አንተ ስንኖር እሷ ልትሞትብን ነው። በሽታውን አውቀዋለሁ፣ መድኃኒቱም በእጄ አለ፣ እናቴን ማዳን የምችለው ግን አንተን ትቼ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?»

አልሰማም። ፍቅር የጎደላት ብትሆን ይለምናት ነበር፤ ፈሪ ብትሆን ያደፋፍራት ነበር። እሷ ግን ትክክል ነበረች፤ እጁን ያሰረውም ይኸው ነው።

ወደ አጥሩ ሄዶ አረንጓዴዎቹን ጨርቆች አንድ በአንድ ፈታ። ጣቱ ሽቦውን ነካ፤ ሽቦው ምንም አላለውም።

«እነዚህን ልውሰዳቸው?»

«ውሰዳቸው» አለች። «በኔ ጨርቅ ማንም አይታጠንበትም።»

ይኸንን ስትል ልትስቅ ሞክራ ነበር። አልቻለችበትም፤ እሱም ሊያግዛት አልቻለም። ከዚያ ጀሪካኑን አነሣች። ይዛው ትሄዳለች ብሎ ሲጠብቅ ወደ ወንዙ ወረደች፤ ሞልታው፣ እንደ ሁልጊዜው በአንድ ጎኗ ዘንበል ብላ ተመለሰች። ፌሮው ሥር ተንበረከከች።

«ሽቦው እኮ ጠፍቷል» አላት።

«አውቃለሁ» አለች።

ውሃውን በቀስታ አፈሰሰችው። የተሰነጠቀው ዋልካ እየሳበ አስገባው። አላቆመችም፤ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ጀሪካኑን ዘቅዝቃ ያዘችው። ይርዳው ፈትቶ የያዛቸውን ጨርቆች ጨብጦ ቆሞ ሲያያት፣ የለመደው ቃል ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

«ጠጣ?»

«ጠጣ» አለች ውባንች፣ ቀና ሳትል።

የቀረውን ጠበቀ። ካንተ ይሻላል እስክትለው ጠበቀ። አላለችውም።